ቡራዩን ያጣው ቴስት

የማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ ጋር ሊቀላቅሉን ነው እየተባለ ሰዉ በተነሳበት ጊዜ፣ ቡራዩ ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ አዲስ አበባ፣ በድረ ገጽ የታዘዘ ዕቃ ቤት ድረስ የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከቤት እሠራለሁ። ኢንተርኔት ካለ ማለቴ ነው።

የምጽፈው ቴስት ነው፤ ድረ ገጹ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ፕሮግራም። ኮምፒውተሩ ራሱ ብሮውዘሩን ይከፍትና እንደ ደንበኛ ከተማ መርጦ፣ ስልክ ሞልቶ ያዛል። ሁሉም ከሠራ አረንጓዴ፣ ካልሠራ ቀይ ያሳያል። የከተሞቹን አድራሻ፣ የትኛው በየትኛው ክልል ስር እንደሆነ፣ በየቴስቱ መበተን አልወድም፤ አንድ ቦታ ነው የጻፍኩት። ነገር ከተቀየረ አንድ መስመር አስተካክላለሁ፣ አለቀ። ማንም ባያመሰግነኝም በዚህ እኮራ ነበር።

አከራዬ ገበሬ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፣ እኔም። ወደ ገፈርሳ መሄጃ ያለችው እርሻቸው ላይ ቀያሾች የብረት ችካል ተክለው ከሄዱ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። አንዱ ይወሰድብዎታል ይላቸዋል፣ ሌላው ማንም አይነካዎትም ይላቸዋል። ማንን ይመኑ?

አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ቴስቱን ሳስጀምር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ ልጄ? ማነው የሚነካካው?» አሉ ስክሪኑን እያዩ።

«ማንም፣ ኦቦ። ራሱ ነው።»

«ወይ ጉድ!»

ወዲያው ቀይ በቀይ ሆነ። «ኦሮሚያ ስር ቡራዩ አልተገኘችም» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ምን ነበር አፌን ብይዝ! አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ለካ ፕሮግራመራችን፣ ፕላኑ መጽደቁ አይቀርም ብሎ፣ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ከወዲሁ አዲስ አበባ ስር አስገብቷቸዋል።

«አንድ መስመር አይደለች እንዴ? ቀይሪያትና አረንጓዴ ይሁን» አለኝ አለቃዬ።

የስልኩ ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማ ነበርና፣ ስዘጋው ኦቦ እያዩኝ ነው።

«ቡራዩን ለማዛወር ስንት ሰው ይበቃል?»

«እኔ ብቻ።»

«እኛን ሳትጠይቂ?»

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ላይ ነው።»

«ያኛውም ፕላን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነበር» አሉ።

አፈርኩ። ተናደድኩም። መልሼ ደውዬ፣ «ቴስቱ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ድረ ገጹ ነው፤ አልነካውም» አልኩት። ጮኸብኝ፣ ጮኽኩበት። ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ጠፋና ክርክሩም በዚያው ቀረ። ሲመለስም ቴስቱን ቀይ እንደሆነ ተውኩት።

ቆይቶ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ፕሮግራመሩ ምንም ሳይተነፍስ ከተሞቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ ኦቦ እርሻ ሮጥኩ።

«ኦቦ! ተመለሰች! ይኸው አረንጓዴ!»

«እሰይ፣ እሰይ» አሉ፣ የቀያሾቹ ችካል አጠገብ እንደተንበረከኩ። «በይ ነይ፣ ይቺን ያዥልኝ።»

ላፕቶፑን ሳሩ ላይ አስቀምጬ ችካሉን ያዝኩ። አብረን ሳብን፣ ደግመን ሳብን። አልነቃነቅ አለን፤ ሥሩ ሲሚንቶ ተሞልቶበት ነበር።