የጆንያው ሥር

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። እኔ፣ በዕድሜዬ አንድም ቀን ፈተና ላይ ተቀምጬ የማላውቅ ሰው፣ ቆቦ ላይ የትምህርት ቤት ግቢ ሙሉ ወላጅ ፊት ቆሜ ፈተና ምን እንደሆነ አስረድቻለሁ። ፊደሉንም ቢሆን ብቻዬን ነው የለየሁት፣ ከሱቅ በርና ከመኪና ጀርባ ላይ።

ርዕሰ መምህሩ ነበር የጠራን። ቀትር ነው። ሙቀቱ ሜዳውን ያርገበግበዋል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ማሽላ ውሃ ላይ የቆመ ይመስላል። ከአስፋልቱ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል። ግራሩ ሥር ሁላችንም ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነን። የርዕሰ መምህሩ ድምፅ በሕልም እንደሚሰማ ከሩቅ ይመጣል፦ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብና ሒሳብ ሊፈተኑ ነው፤ ጥያቄው እዚህም፣ ጎረቤቶቻችን ሮቢትና ዋጃም አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም አይወድቅም...

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ግን አልተኛችም።

"የኔዋን አላመጣትም" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"ንባብ ሲሏት ትንቀጠቀጣለች። ደካሞቹን እቤት እናስቀር ተባብለናል። ከሮቢት አንሰን እንታይ እንዴ? ወላሂ አልልካትም!"

ልጅቷን አውቃታለሁ። ማታ ማታ ደጄ ላይ ቁጭ ብላ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብልኝ የምትለኝ እሷ ናት። ከቀረች ማንበብ እንዳቃታት ማንም አያውቅም፣ ማንም አያግዛትም።

ብድግ አልኩ። እኔ ስነሣ ሰው መሣቅ ይጀምራል፤ ተሰጥኦ ነው።

"እናንተ የጆንያ አፍ አሳማሪዎች!"

"ደሞ ጀመረው" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"አባባ፣ ገበያ ላይ ማሽላ ሲገዙ እጅዎን እስከ የት ይከታሉ?"

"እስከ ብብቴ!"

"ለምን?"

"እንዳንተ ያለ አታላይ ፍሬ የሞላውን ከላይ፣ የአቀንጭራ አረም ያቀጨጨውን ከሥር ስለሚያደርግ ነዋ!"

ግቢው በሳቅ ነቃ።

"ይኸው! ይሄ ፈተና እጅ መክተት ነው። ገዢ የሥሩን ሲያይ ጥሎን ይሄዳል፤ እነዚህ ፈታኞች ግን የሥሩን ፈልገው ነው የሚመጡት። የላዩን ብቻ ካሳየናቸው፣ የቆቦ ልጅ ጎበዝ ነው ብለው አመስግነውን ይሄዳሉ። የሥሩ እዚያው ሥር ይቀራል።"

ጎረቤቴ ቀስ ብላ፣ "ስሟን ጠርተው ቢስቁባትስ?" አለች።

ርዕሰ መምህሩ ነው የመለሰላት። "ስም አይጠራም፣ እህቴ። እኛ እንዴት እንደምናስተምር ነው የሚታየው።"

"ሰማሽ? የሚፈተነው እሱ ነው!" አልኳት። በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

የፈተናው ቀን ጎረቤቴ ልጅቷን እጇን ይዛ አመጣቻት። በመስኮት አየኋት፤ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች፣ እንቅልፍ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ታነባለች። አንድ መስመር ብቻ ጨረሰች። አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከነዚያ ሊያስቀሯቸው ከነበሩት ልጆች ጋር መምህራኑ ለብቻ ያስነብቧታል።

ውሸት ነው የምትሉ ቆቦ ውረዱ። እናትየዋን ጠይቁ፣ ሽማግሌውን ጠይቁ። ልጅቷንም ጠይቋት፤ የሚነበብ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻ አታጣድፏት።