በቁማቸው የተለቀሰላቸው የኔታ

ፕሮፌሰር ወንዳወቅ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ደርቆ ቀረ። የደወለችለት እታለም ናት፤ በልጅነቱ ቅኔ ያስተማሩት የየኔታ ወልደ ሥላሴ ልጅ።

«ምነው ወንድሜ፣ የአጎቴን ልቅሶ ሳትደርስ ቀረህ? አባባም ቅር ብሏቸዋል» አለችው።

«የቱ አባባ?» ሊል ሲል እግዜር አፉን ያዘለት። የኔታ አልሞቱም! የሞቱት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር፤ ወንዳወቅ ግን መጀመሪያ ያየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሔት ነው። እሱ የሚያዘጋጀው «ጎታ» የተባለው የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዲሱ እትም ፊት ለፊት የየኔታ ፎቶ አለ፣ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ታጥሮ። ውስጡ ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ሙሾ። መጽሔቱም ትናንት የኔታ ወዳሉበት ወደ ቡሬ፣ ለመጻሕፍት ሻጩ ተልኳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አንዴ የታተመ ነገር ምን ይደረጋል!

ወሬውን ያመጣለት እህል ነጋዴው አድማሴ ነበር። «የየኔታ ደጅ ድንኳን ተጥሏል፤ ሰዉ ነጠላውን ዘቅዝቋል» አለው። ወንዳወቅም ያረጁ፣ የታመሙ ሰው ቤት ድንኳን ከተጣለ ሌላ ማን ይሞታል ብሎ ደመደመ። አልጠየቀም፣ አላጣራም። በሩን ዘግቶ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ጻፈ።

ይህ እንግዲህ ዕድሜ ልኩን ሰውን «አጣራ!» እያለ የኖረ ሰው ነው። ከገጠር ወጥቶ በየኔታ ደጅ ቅኔ ቆጠረ፤ ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፣ የግጥም መድብሎች አሳተመ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ፕሮፌሰር ተባለ። ጡረታ ሲወጣ ፍኖተ ሰላም ተመልሶ «ጎታ»ን ጀመረ። ስንቱ ወጣት ገጣሚ አንዲት ቃል ሳያጣራ ጽፎ በእሱ ፊት አልቅሷል መሰላችሁ!

ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ። የየኔታ ልብ ደካማ ነው። ዓይናቸው ቢፈዝም የሚያነብላቸው ደቀ መዝሙር አያጡም። ለቁም ሰው ማልቀስ ደግሞ ሟርት ነው፤ ይህን የማያውቅ የጎጃም ሕፃን የለም። ደንግጠው ቢሞቱስ? ያን ጊዜ ገዳያቸው እሱ ነው። መጽሔቱ እጃቸው ሳይገባ መድረስ አለበት።

ሾፌሩ ማንኩሳ ላይ ቆሞ የበርበሬ ኩንታል ማስጫን ጀመረ።

«ኧረ በእናትህ ንዳው!» አለ ወንዳወቅ።

«ምን ያስቸኩልዎታል፣ ጋሼ? ልቅሶ ነው እንዴ?»

ወንዳወቅ ወርዶ ኩንታሉን አብሮ ያነሣ ጀመር። ላቡ በጀርባው ይወርድ ነበር።

ቡሬ ሲደርስ መጻሕፍት ሻጩ ስመኘው በሩ ላይ ተቀበለው። «እሰይ፣ ፕሮፌሰር! ለቁም ሰው ቢሆንም ምን ያለ ሙሾ ነው! አንድም አልቀረኝ፤ የቅኔ ተማሪዎች ተሻምተው ወሰዱት» አለው።

«የማን ተማሪዎች?»

«የማን ይሆናሉ፣ የየኔታ ናቸው እንጂ።»

ወይ ጉድ! ወንዳወቅ ደህና ዋል እንኳ ሳይል ባጃጅ ውስጥ ገባ። መንገዱን ሁሉ «እመቤቴ፣ ብቻ አትርፊልኝ» ሲል ነበር።

የኔታ ደጃቸው ላይ፣ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። መጽሔቱ ጭናቸው ላይ ነው። እታለም በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ወንዳወቅን ስታይ ፊቷን አዞረች። እሱ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ! ወንዳወቅ ነኝ።»

«አወቅሁህ። ቅድም አስነበብሁት። ሸጋ ግጥም ነው፤ ነቀፋ የለውም።»

ወንዳወቅ ትንፋሹ መለስ አለለት። በሕይወት አሉ፤ አልተቆጡም። «ሟርት ነው ብለው እንዳይቀየሙኝ ፈርቼ እኮ...»

«ሟርቱን ተወው። ሞት ወረቀት ጠርቶት አይመጣም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። መሞቴን የሰማህ ዕለት የት ነበርህ?»

«ቤቴ ነበርሁ።»

«ምን ስታደርግ?»

«ስጽፍ።»

የኔታ መጽሔቱን ከጭናቸው አንሥተው እጁ ላይ አኖሩለት።

«ለወንድሜ ሰዉ ከማንኩሳ ድረስ በእግሩ መጥቶ አለቀሰ። አንተም ለእኔ ልቅሶ ብትመጣ ኖሮ፣ ልጄ፣ እኔው ራሴ እቀበልህ ነበር።»