አማቴ፣ ሳንባውና የዝዋይ ጉማሬ

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ኤረር በር

ሐረር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጉማሬን ከመጽሐፍ የደበዘዘ ሥዕል እየቀዳሁ በጠመኔ ስዬዋለሁ፤ ተማሪዎቼም በየዓመቱ "መምህር፣ ጆሮው የአህያ ሆነ" ይሉኛል። በዐይኔ አይቼው አላውቅም። ዘንድሮ ጡረታ ስለምወጣ፣ ሳላየው ጠመኔዬን አላስቀምጥም ብዬ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ወደ ዝዋይ ተነሣሁ።

ብቻዬን ብሄድ ምን ነበረበት! አማቴ ጋሽ ክፍሌ ግን ከነከዘራቸው ቀድመውኝ ደጅ ቆመዋል። በእጃቸው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሳንባ ነው፤ ከጊደር መጋላ ገበያ የገዛሁት። አውሬ ልታይ ባዶ እጅህን ነው እንዴ የምትሄደው?"

የሐረር ሰው ጣጣው ይኸው ነው። ጅብ በስሙ ተጠርቶ፣ ከሰው እጅ ጎርሶ በሚሄድበት ከተማ ያረጀ ሰው፣ የዱር እንስሳ ሁሉ ካልጋበዙት የሚመጣ አይመስለውም።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ጉማሬ እኮ ሣር ነው የሚበላው!"

"ይጋበዝና ራሱ እንቢ ይበል።"

ዓርብ፣ እኩለ ቀን፣ መኢሶ

ሙቀቱ ሳንባውን አስታወሰን። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን በሻሽና በነጠላ ያዘ። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ "ወይ እሱ ይወርዳል፣ ወይ ባለቤቱ!" አለ። አማቴ በመስኮት ተራራ ያያሉ። ወርጄ ፌስታሉን በሌላ ሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ጣሪያው ላይ ከሻንጣ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። እጄን የታጠብኩበት ለብ ያለ የፕላስቲክ ውሃ ሠላሳ ብር ነው።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ዝዋይ ሐይቅ

ጀልባዋ ጠባብ ናት፤ ሞተሯ ሦስቴ ጠፍቶ በአራተኛው ተነሣ። ደሴቶቹ ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው፤ ዳርቻቸው ጥቁር ድንጋይ፣ ድንጋዩ በወፍ ኩስ የነጣ። ፔሊካኖች በሰልፍ ይቀዝፋሉ። ሁለተኛውን ደሴት ስንዞር ጀልባ ነጂው ገመቹ ደንገሉ አጠገብ ሞተሩን አጠፋ።

"ጋሼ፣ የሚውሉት እዚህ ነው። ዝም ብለን እንጠብቅ።"

ሩብ ሰዓት ያህል ደንገሉን ስናይ ቆየን። ውሃው ላይ አረፋ ተነሣ። ይኼኔ አማቴ ብድግ አሉና ሳንባውን እየወረወሩ፣ ጅብ በሚጠሩበት ድምፅ ሐይቁን መጣራት ጀመሩ።

"ና! ና እንጂ! አትፈር!"

የመጣው አባ ኮዳ የሚሉት ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ነው። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ወዲያ ቆጠራ የለም። እየተሻሙ በክንፋቸው አናታችንን መቱን፤ ጀልባዋ ተናወጠች። ትዕግሥቴ አለቀ። ወደ አማቴ ዞሬ ጮህኩባቸው።

"አበላሹብኝ! ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩትን አበላሹብኝ! ኤረር በር ጅብ የሚያበሉ መሰለዎት?"

ጋሽ ክፍሌ አልተቆጡም። የሚያዩት እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ በስተኋላ ነው። ገመቹም አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

"ዞር በል" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አልዞርም! መጀመሪያ ይስሙኝ!"

ስዞር ውሃው ላይ የቀረው ክብ ሞገድ ብቻ ነበር። እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅን። ጉማሬው አልተመለሰም።

እሑድ፣ ምሽት 12 ሰዓት፣ ሐረር

በአማቴ መናደዴን ትቼ በራሴ ተናደድኩ። ይቅርታ ልል አስቤ ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ባለቤቴ ሰብለ በሩን ከፍታ ገና ሻንጣውን ሳትቀበለን፣ "አያችሁት?" አለች።

አፌን ስከፍት ጋሽ ክፍሌ ቀደሙኝ። "ቀድሞ ያየው ባልሽ ነው። የኔ ዐይን ደክሟል፤ እሱ ባያሳየኝ ያመልጠኝ ነበር።"

ሰብለ አቅፋ ሳመችኝ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

እራት ልታቀርብ ወደ ጓዳ ስትገባ ወንበሬን ወደ ሽማግሌው አስጠጋሁ። ሰኞ ክፍል አለኝ።

"ጋሽ ክፍሌ" አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ጆሮው ምን ያህል ነበር?"