የእትዬ ቅል

አክስቴን እትዬን ቀብረን ከተመለስን ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ ቀና ብሎ ምሰሶውን የሚያይ ሰው የለም። እሳቸው በገመድ ያንጠለጠሏት ባዶ ቅል ግን እዚያው ናት።

እትዬ ልጅ ሳሉ መሬት ተንቀጥቅጦ ታናሽ እህታቸው ግድግዳ ወድቆባት ሞታለች። ቅሏን የሰቀሉት ለዚያ ነው፤ ስትነቃነቅ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ጣልያን ከገባ በኋላ ግን ወጣት የሚያፍሰው የወታደር ካሚዮን በኮልፌ መንገድ ሲያልፍም ትነቃነቅ ጀመር። መሬት ከሆነ መውጣት ነው፤ ካሚዮን ከሆነ መደበቅ። የሚለዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባለፈው ክረምት ቅሏ ስትነቃነቅ ታላቅ ወንድሜ ጓዳ ገብቶ አልጋ ሥር ተደበቀ።

«እትዬ፣ ካሚዮን ነው?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «ካሚዮን ከመንገዱ ወገን ነው የሚመጣው። ይሄ ከሥር ነው። ውጡ!»

ወንድሜ ከአልጋው ሥር ሆኖ «ቢይዙኝስ? ቤቱስ?» አለ።

«ግድግዳ ይለሰናል፣ ሰው አይለሰንም! ውጣ አልኩህ!»

እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡት። ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ የጓዳው ግድግዳ አልጋው ላይ ተደረመሰ። በማግስቱ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጭቃ ረግጦ መልሶ ለሰነልን።

አፈሩን ገለባ ያድርግልዎት፣ እትዬ። ዛሬ ከሰዓት ቅሏ ተነቃነቀች። እንደ እርስዎ መዳፌን መሬት ላይ አሳረፍኩ፤ ምንም አልነገረኝም። ወንድሜ በሩን ይዞ ያየኛል።

«እንውጣ ወይስ እንደበቅ?»