ገመዱን የለቀቀው ጓደኛ

«እኔም ብሆን ገመዱን እለቀው ነበር!» አለ ጓደኛዬ ኮቺቶ፣ በሰው ፊት።

ዛሬ ቦንጋ፣ የንባብ ክበባችን ላይ የጻፍኩትን አጭር ልብወለድ አንብቤ መጨረሴ ነበር። በታሪኩ አንዱ በገመድ ታስሮ ዛፍ ላይ ማር ይቆርጣል። ታች ገመዱን የያዘለት ጓደኛው ንብ ሲወረው ለቆት ይሮጣል።

ሁሉም «ከሃዲ!» እያለ ረገመው። እትዬ አልማዝማ «ድሮም ዓይኑ አላማረኝም» አሉ። ስለ ዓይኑ አንድም ቃል አልጻፍኩም!

ኮቺቶ ብቻ ተሟገተለት። «ንብ ፊታችሁን ሲወራችሁ ጓደኛ ትዝ ይላችኋል? አትዋሹ!»

እውነቱን ነው ብዬ አጨበጨብኩለት። ቤት ስገባ ግን ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ነገ ከኮቺቶ ጋር ማንኪራ ጫካ ማር ልንቆርጥ ነው። ዛፉ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ።

እናንተስ፣ ስለ ልብወለድ ሲያወራ ያስፈራችሁ ጓደኛ አለ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ኮቺቶ አሁን ደውሎ «አታስብ፣ ገመዱን እኔ እይዝልሃለሁ» ብሎኛል።