የሊቀ መቀስ ቲማቲሞች

ልጅየው ነገሩን ለመናገር ሰኞን መረጠ። ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰሚ የለም። አባትና ልጅ መስታወቱን እየወለወሉ ሳለ፣ «አባባ፣ ለጥቂት ጊዜ ቤት ቢያርፉስ?» አለ።

ሽማግሌው ጨርቁን ከመስታወቱ ላይ ሳያነሡ፣ «ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ምንም አላጠፉም። እጅዎ ግን...»

«እጄ ምን ሆነ?»

ባለፈው ሳምንት ምላጫቸው የአንድ ደንበኛ ጆሮ ጫፍ ነክቶ ነበር። ደንበኛው ጨዋ ሰው ስለሆነ «የተነቃነቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ፣ ጥጥ ይዞ ወጣ። ሽማግሌውም ይህንኑ አመኑ። ሰው ሊያምነው ለሚወደው ነገር ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

«ሦስት ወር» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ወር አርፌ እመለሳለሁ። ወንበሬ ወንበሬ ነው።»

ልጅየው መስታወቱን መወልወሉን ቀጠለ።

ሠፈሩ ሊቀ መቀስ የሚላቸው እኚህ ሰው ፀጉር ቤት ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ቆመዋል። ምላጭ የለመዱት በፊኛ ነው። ያስተማሯቸው ሰው ፊኛ ነፍተው ሳሙና ይቀቡና «ሳታፈነዳ ላጨው» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ልጃቸውን ያስተማሩት በዚያው መንገድ ነው። በሠፈሩ ውስጥ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ወንድ ሁሉ አንገቱን ለእሳቸው ምላጭ ሰጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ዋል ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዋል የተባለውም በቀላሉ አይውልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ያልተበላሸ የበር ማጠፊያ ጠገኑ። ከተጠገነ በኋላ በሩ መጮህ ጀመረ።

ሚስታቸው በዐሥራ ሁለት ዓመት ታንሳቸዋለች፤ ገና ጡረታ አልወጣችም፣ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተከትሎ በሚሄደው የአትክልት መደብ ላይ ዐሥራ አራት የቲማቲም ችግኝ ተክላ ለእያንዳንዱ መደገፊያ እንጨት አቁማለታለች። የበሩን ጩኸት ሦስት ቀን ከታገሠች በኋላ ባሏን ወደ መደቡ ወሰደቻቸው።

«ውሃውን ከሥሩ ታጠጣለህ፤ ቅጠሉን አታርስም» አለች። «ይሄን ታያለህ? ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት፣ እዚህ ብብቱ ላይ፣ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። እሱን በጥፍርህ ቀንጥሰህ ትጥለዋለህ። ከተውከው ተክሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።»

«በጥፍር?» አሉ ሊቀ መቀስ፣ ስድብ እንደሰማ ሰው።

«በጥፍር። ፀጉር እኮ አይደለም።»

«አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

እንደወጣች ከመሳቢያው ቀጭኗን መቀስ አወጡ፤ ለጆሮ ዙሪያ የሚጠቀሙባትን። የመጀመሪያውን ተክል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንደሚዞሩት ዞሩት፤ በግራ ጀምረው በቀኝ ጨረሱ። ቀንበጡ የክብሪት ራስ ያህላል፤ ግንዱ ከጎኑ ነው። መቀሱ የክር ውፍረት ያህል ቢስት የሚያገኘው ግንዱን ነው። ይህ ከጆሮ ጀርባ ያለው ሥራ ነው፤ ሌላ አይደለም። ያን ጊዜ በልባቸው አንድ ነገር ወሰኑ። እነዚህን ዐሥራ አራት ተክሎች ሦስት ወር ሙሉ አንድም ግንድ ሳይነኩ ካስተካከሉ፣ እጃቸው ደኅና ነው፤ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ከነኩስ የሚለውን አላሰቡበትም። ለማንም አልተናገሩም።

ሁለት ሳምንት ሁሉ ነገር ሰመረ። አንዱን ተክል በጨረሱ ቁጥር ብናኙን ከቅጠሉ ላይ እፍ ይሉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ያዩታል። አንድ ቀን በልማድ «ጎንና ጎኑ እኩል ሆነ?» ብለው ተክሉን ሲጠይቁ፣ ሚስታቸው በመስኮት ሰማች።

«መስታወት ላምጣለት?» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ስድስተኛው ተክል ጫፉን አጣ። ቀንበጡን ሊቆርጥ የተዘረጋው መቀስ ዋናውን ግንድ ከላይ ቆርጦ ጣለው። ጫፉ ከነእምቡጡ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሊቀ መቀስ ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያም አንሥተው፣ አፈሩ እንዳይደርቅ ከተነጠፈው ሣር ሥር ቀበሩት።

ሚስታቸው ከሥራ ስትመለስ ዓይኗ ያረፈው እዚያው ተክል ላይ ነው። «ይሄኛው ምን ሆነ?»

«ነፋስ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ቁርጡ ሰያፍ፣ ጥርት ያለ ነበር። «ነፋሱ መቀስ ይዞ ነው የሚዞረው?»

«ነፋስ አልኩሽ።»

«እሺ ነፋስ ነው። ነፋሱን ስታገኘው፣ ከቁርጡ በታች ያለችውን ቀንበጥ እንዳይነካት ንገረው። ከእንግዲህ ወደ ላይ የምትሄደው እሷ ናት።» ቀንበጧን በጨርቅ ቁራጭ ከእንጨቱ ጋር ላላ አድርጋ አሰረቻት፤ ወደ ቤትም ገባች።

ሊቀ መቀስ መነጽራቸውን ወቀሱ። የጠዋት ፀሐይ ዓይን ይወጋል ብለው ሥራውን ወደ ከሰዓት አዞሩት። ሻይ ተዉ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሞከሩ፤ የቀኝ እጃቸውን አንጓ በግራቸው ይዘውም ሞከሩ። ብዙውን ቀን እጁ ጸጥ ያለ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ሲታመን ይሰነብትና፣ ሳያስጠነቅቅ አንዲት ዝላይ ይዘላል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጫፋቸውን ያጡት አራት ደረሱ። ከዚያ አምስት ሆኑ።

ሚስታቸው የነፋሱን ነገር ደግማ አላነሣችም፤ የተቆረጠ ባየች ቁጥር ከሥሩ አንዲት ቀንበጥ መርጣ ታስራለች። እሳቸውም መቅበሩን ተዉት። ደንበኛ ቢነካ ይቅር ይላል፤ በሳምንቱም ቁስሉ ጠፍቶ ይመጣል። ቲማቲም ግን የተቆረጠበትን ይዞ እዚያው ይቆማል። ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ በመስኮቱ በኩል አምስቱም ይታዩ ነበር። ሆዳቸው ያወቀውን ግን አፋቸው አላወጣውም።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ የታችኛው ዘለላ መቅላት ጀመረ። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ፖስተኛው መጡ። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸውም ፖስተኛው እንደተባሉ ቀርተዋል፤ የሊቀ መቀስ የሠላሳ ዓመት ደንበኛ ናቸው። ጢማቸው ተንጨባሮ አገጫቸው የት እንዳለ አይታወቅም።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ሊቀ መቀስ። «ልጄ ቤቱን ዘጋው እንዴ?»

«ልጅህ ጎበዝ ነው፤ እኔ ግን አገጬን ለልጅ አልሰጥም። ሦስት ወር አልክ፣ ሦስት ወር ጠበቅሁህ። ሚስቴ ከፍየል ጋር ነው የምኖረው እያለች ነው። በል ተነሥ።»

ሊቀ መቀስ መደቡን አዩ፤ ፖስተኛውን አዩ። ተነሡና እጃቸውን ታጠቡ።

ፀጉር ቤቱ ሙሉ ነበር። ልጅየው አባቱን ሲያይ ከወንበሩ ዞር ብሎ፣ ነጩን ጋዋን ከማንጠልጠያው አውርዶ አለበሳቸው። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ብድግ አሉ። አንዱ «ሊቀ መቀስ፣ ያለ እርስዎ እኮ ሠፈሩ ዱር ሆነ» አለ።

ፖስተኛው ተቀመጡ። ሊቀ መቀስ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው በፖስተኛው ፊት ላይ አደረጉ፤ ሳሙናውን አረፋ እስኪሆን በብሩሽ መትተው ቀቡ። ከዚያ ምላጩን አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት። አልተንቀጠቀጠም። ልጅየው አየ፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም አዩ። ክርክሩ እዚያው ላይ አለቀ፤ ከእንግዲህ ቤት ይዋሉ የሚላቸው አልነበረም።

እሳቸው ግን አምስቱንም ጊዜ፣ ከመቁረጣቸው በፊት፣ እጃቸው ልክ እንዲህ ጸጥ ብሎ እንደነበር ያውቃሉ።

ምላጩን አዙረው በእጀታው በኩል ለልጃቸው አቀበሉት። «ና፣ አንተ ጨርስ።»

ፖስተኛው ከአረፋው ውስጥ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምነው? ፈራህ?»

«አዎ።»

«ሠላሳ ዓመት የላጨኸውን አገጭ?»

«በዚህ ሦስት ወር ውስጥ አምስት ራስ ቆርጫለሁ።»

ፖስተኛው ቀስ ብለው ጭንቅላታቸውን ከመደገፊያው አነሡ። «የማንን?»

«የቲማቲም። ተኛ።»

ሳቁ እስኪበርድ ልጅየው ምላጩን ይዞ ቆመ። እሱም ስቆ ነበር፤ የአባቱን ፊት ሲያይ ግን አቆመ። ጠጋ ብሎ በቀስታ፣ «አባባ፣ እርስዎ ይችላሉ እኮ» አለ።

«ዛሬ እችላለሁ» አሉ። «ነገን አላውቅም፤ እጄም አይነግረኝም። አገጩ ላይ ጉድጓድ አለች፤ ቆዳውን ወደ ላይ ወጥረህ ከታች ጀምር። ይሄ ሰውዬ ወሬ ይወዳል፤ ሲናገር ምላጩን አንሣ።»

«አልናገርም» አሉ ፖስተኛው።

«ይኸው።»

ልጅየው ምላጩን አነሣ፤ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀ፤ ከዚያ ጀመረ። ሊቀ መቀስ ፎጣ በትከሻቸው አድርገው እስከ መጨረሻው በአጠገቡ ቆሙ። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀስ» አሉ።

ቤት ሲደርሱ ሚስታቸው ቀዩን ቲማቲም በሳህን እየለቀመች ነበር። ጋዋኑን ለብሰው መምጣታቸውን አይታ ቀና አለች።

«ላጨኸው?»

«ልጅሽ ላጨው። እኔ ሳሙና ቀባሁ።»

ሚስታቸው እጇ ውስጥ ያለውን ቲማቲም ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እንዴት ነው፣ አሳመረው?» አለች።

«አሳምሮታል» አሉ ሊቀ መቀስ። «ከግራ ጆሮው ሥር ትንሽ ጢም ትቶለታል። ማክሰኞ ሄጄ አሳየዋለሁ።»