በበጋ የወረደ ውሃ

ይህን ነገር ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም በገባ ቁጥር ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የረቡዕ ቅቤውን እየለቀምኩ እዘረዝራለሁ፤ ይኼን ሳልነካ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብዬ እወጣለሁ። ካህን መሸወድ ይቻላል፤ እኔ ችዬበታለሁ። አንተ ግን፣ ይህን የምታነብ ሰው፣ ስሜንም መልኬንም ስለማታውቅ ላንተ መናገር ይቀለኛል። መቅለሉ ራሱ ያሳፍረኛል። የሚቀል ከሆነ ምኑን ንስሐ ሆነ?

ውሃ ሰበርኩ። ነገሩ ይኼው ነው። የሰው ተራ ውሃ ሰበርኩ፣ ሌላ ሰው ተቀጣበት፣ እኔ ዝም አልኩ።

የተወለድኩት በገራዶ በኩል፣ ከደሴ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ከመንደራችን ጫፍ ወንዙ ከገደል የሚወረወርበት ፏፏቴ አለ። ክረምት ላይ ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ይሰማል። በበጋ ግን ገደሉ ደረቅ ነው፤ ወንዙን ከላይ በድንጋይና በጭቃ ጠልፈን በቦይ ወደ ማሳ እናዞረዋለን። ውሃዋ ለሁሉም ስለማትበቃ የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ እንመርጣለን፣ እሱ ተራ ያወጣል። ተራህ አንዴ ካለፈህ ሌላው እስኪዳረስ ቃሪያህም ሽንኩርትህም ቆሞ ይደርቃል። የሰው ሚስት ከሚነካና የሰው ተራ ውሃ ከሚሰብር የቱ እንደሚብስ የእኛ አገር ሽማግሌዎች ይከራከሩበታል።

እኔ ያን ጊዜ ሥራ ፈት ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ወድቄ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አክስቴ ቤት እየዋልኩ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ባየሁ ቁጥር «አስጎብኚ ነኝ» እያልኩ እከተላለሁ። ሚሊኒየሙ ደረሰ ተብሎ ሁሉም ቤቱን ቀለም የሚቀባበት ሰሞን ነበር። አንድ የሆቴል ባለቤት ለእንግዳ መቀበያው ግድግዳ የሚሆን የአገራችንን ፎቶ እንደሚፈልግ ሰማሁና ሄጄ አፌን ሞልቼ፣ «የእኛ ፏፏቴ ክረምት ከበጋ አይደርቅም» አልኩት። ማን ጠየቀኝ? ወሬ ማሳመር በሽታዬ ነው። ሰውዬው፣ «እውነትህን ከሆነ ሥራ እሰጥሃለሁ፤ አርብ አሳየን» አለኝ። ወሩ የካቲት ነበር።

አርብ ቀትር ላይ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ጁምዓ ይወርዳል፣ መንደሩ ጭር ይላል። ይህን አውቄ ነው ሰዓቱን የመረጥኩት። እንግዲህ «ሳላስበው» የምትለውን ቃል ከአሁኑ ከአፌ ውሰድልኝ። ባለቤቱንና አብረውት የመጡትን እንግዶች ራቅ ብሎ ካለ ጥላ ሥር አስቀምጬ እኔ በጓሮ መንገድ ወደ ላይ ሮጥኩ። ድንጋዩን ፈነቀልኩ፣ ጭቃውን በእግሬ ናድኩ። ያን ቀን ተራው የእትዬ ዘሀራ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዚያች ቃሪያ ማሳ ሌላ የሌላቸው ሴት ናቸው። ይህንንም አውቅ ነበር።

ውሃው ወረደ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አንሺው ሱሪውን ሰብስቦ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ አነሳ። ፎቶው እንዳለቀ ወጥቼ ልዘጋው ነበር ሐሳቤ። ባለቤቱ ግን የመኪናውን በር ከፍቶ፣ «ና ግባ፣ ምሳ ደሴ ነው» አለኝ። «ትንሽ ጠብቁኝ» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ገባሁ። ምሳ ላይ አርብ መሆኑ ትዝ ብሎኝ የጾም አዘዝኩ። የሰው ውሃ ሰብሬ መጥቼ ለጾሙ ተጠነቀቅኩ።

የናድኳት ቀዳዳ በውሃው ጉልበት እየሰፋች ሄዳ ግድቡን በሙሉ ጠራርጋ ወሰደችው። ሰዉ ወጥቶ እንደገና እስኪሠራው የእትዬ ዘሀራ ተራ አለፈ፣ ቃሪያውም ደረቀ።

ከገደሉ ሥር ደግሞ የጋሽ ይመር ትንሽ ማሳ አለች። ጋሽ ይመር ጎረቤታችን ናቸው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ሞፈር ያስጨበጡኝ፣ ለትምህርት ቤት ጫማ የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ያቺ ማሳ ቦይ ስለማይደርሳት በበጋ ውሃ አታይም ነበር። ያን አርብ ጋሽ ይመር ከጁምዓ ሲመለሱ ማሳቸው ርሶ ጠበቃቸው። ርሶ ያየውም ሰው ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው።

እሁድ ዋርካው ሥር አውጫጭኝ ተቀመጥን። አጥፊው እስኪታወቅ ወንዱ ሁሉ እየተነሳ ያየውን የሰማውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው። ጋሽ ይመር ተነስተው፣ «ወላሂ፣ እጄን አላሳረፍኩበትም» አሉ።

«ማሳህስ በማን እጅ ጠጣ?» አላቸው የውሃ አባቱ።

ተመልሰው ተቀመጡ። የመናገር ተራው እኔ ጋ ደረሰ። መኪና መምጣቱን ልጆች አይተዋልና፣ «እንግዶችህ ምን አዩ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደረቅ ገደል አይተው ተመለሱ» አልኩ። «ሌላ ያየሁትም የሰማሁትም የለም።»

ድምፄ እንዴት ጥርት ብሎ ወጣ? ስንቀመጥ ጋሽ ይመር ከጎኔ ነበሩ፤ ጋቢያቸው ጉልበቴን ነክቶታል። ዞሬ አላየኋቸውም። ለሌላው ማሳቸው የሚደርሳቸውን የበጋ ውሃ ተከለከሉ፣ የእትዬ ዘሀራን ጉዳት ካሱ ተባሉ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከቅሬ ተሰረዙ። እኛ ጋ ቅሬ ማለት እድርህ፣ ቀባሪህ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ ሬሳ ነው።

በክረምቱ ሚስታቸው እትዬ ሀዋ ሞቱ። ቅሬው አልወጣም። መቃብሩን የቆፈርነው ከኮምቦልቻ የመጡ ሁለት ዘመዶቻቸውና እኔ ነን። ዝናብ ነበር፣ ጭቃው እየተናደ ያስቸግራል፣ እኔ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባለ ሐዘኑ እሳቸው ሆነው አጽናኙም እሳቸው ሆኑ። ክንዴን ይዘው አወጡኝና፣ «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አንተ አልሸሸኸኝም። አላህ ውለታህን ይክፈልህ።»

ያኔ ልናገር እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። «አሜን» አልኩ። በራሳቸው ሐዘን ላይ መርቀውኝ፣ ምርቃቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ውሃ ከመስበሬ ይልቅ ይቺ «አሜን» ትብስብኛለች። ለመሆኑ የቆፈርኩት ለእሳቸው ብዬ ነው ወይስ ለእኔ እንዲቀለኝ? አላውቅም አትበለኝ፤ ታውቃለህ።

ከዚያ በሬያቸውን ሸጠው ኮምቦልቻ ወረዱ፣ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። እኔም የተባለውን ሥራ አገኘሁ። ፎቶው በትልቅ መስታወት ተደርጎ እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ ቆሜ ቁልፍ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጋሽ ይመር ለዓይናቸው ሐኪም ቤት መጥተው፣ «ልጄን ሳላይ አልመለስም» ብለው ሆቴሉ መጡ። ሎሚ በፌስታል ይዘውልኛል። ደንግጬ ለግድግዳው ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲቀመጡ ወንበር አዞርኩላቸው። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁ፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት ቀለዱ። ዳንኩ ብዬ ነበር። ሊሄዱ ሲነሱ ዞሩና ቀና አሉ።

«ይቺ የእኛዋ አይደለችም?»

«ናት፣ ጋሼ።»

ደስ አላቸው። በደንብ ሊያዩዋት ተጠጉ። ውሃው ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ግራና ቀኙ ግን ሣሩ የነደደ፣ ማሳው የታጨደ ነው። ከታች የእሳቸው መሬት ይታያል፤ ግማሹ ገና ደረቅ፣ ግማሹ በውሃ የጠቆረ። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየሁት። መቼ እንደተነሳ አልጠየቁኝም። ማን እንደሰበረውም አልጠየቁኝም።

ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሀዋን ስንቀብር እንደዚያ ያለቀስከው» አሉ፣ «ለእሷ መስሎኝ ነበር።»

በትራቸውን አንስተው ወጡ። ተከትዬ በሩ ድረስ እንኳ አልሄድኩም።

ለመንደሩ ቢናገሩ በአንድ ቀን ስማቸው ይነጻ ነበር። እስከ ዛሬ ማንም መጥቶ የጠየቀኝ ስለሌለ አለመናገራቸውን አውቃለሁ። ለምን ዝም እንዳሉ አላውቅም፤ ለእኔ አዝነው ነው ብዬ እንዳስብ አይገባኝም። ይቅርታ በል ትለኝ ይሆናል። ላንተ ብል ምን ዋጋ አለው? ይቅርታው የሚባለው ኮምቦልቻ ነው፣ እውነቱ የሚነገረው ዋርካው ሥር ነው፤ ሁለቱም በሚኒባስ ደርሶ መልስ ነው። አልሄድኩም። «ነገ አወርደዋለሁ» ያልኩት ፎቶም እንደተሰቀለ ነው።

ዛሬ ጠዋት አንዲት እንግዳ ቁልፏን እየመለሰች ቀና ብላ አየችውና የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«በበጋም አይደርቅም?» አለችኝ።

«አይደርቅም» አልኳት።